ናፍጣ የጠጣ መሬት

ጣርማ በር ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ጥላ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጭጋግ ተነስቶ፣ ጣሊያኖች በፈለፈሉት ዋሻ ሾልኮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርደው መንገድ የመኪና ፍሬን ይፈትናል። ቁልቁለቱን የጨረሰ ከባድ መኪና ሁሉ ሮቢት ሲደርስ አንድ ነገር ያምረዋል፤ ሹፌሩ ምሳ፣ ጎማው ንፋስ፣ ሞተሩ ዘይት። ከተማዋም ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተዘርግታ ለሁሉም መልስ አላት፤ ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ጋራዡ፣ ማደያው ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ቆመዋል።

እኔ የጎጃም ደገኛ ነኝ። አልጋ የያዝኩበት ሆቴል ጸሐፊ መታወቂያዬን አየና፣ «ጋሼ፣ በግንቦት ይመጣል እንዴ?» አለኝ፤ ሐዘኔታው ከልቡ ነበር። ብዙ ሰው ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በማረሚያ ቤቷ ወይም በትምባሆ እርሻዋ ነው። ገበሬው ደግሞ በማሾዋና በሽንኩርቷ ያውቃታል። እኔን ያመጣኝ አፈር ነው፤ ያውም የቆሸሸ አፈር። ዘይትና ናፍጣ የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ነገር ሳነብ ከርሜ፣ ይህ ነገር በሙቀትና በድርቅ በሚፈተን ቆላ ውስጥ እንዴት ይሆን ብዬ ነው የወረድኩት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ነዳጅ ብክለት መጻፍ ትንሽ ያስቸግራል። የሰመጠ የነዳጅ መርከብ የለንም፤ ባሕሩም የለንም። ስንጠቀምበት የኖርነው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ የምናቃጥለው ሁሉ ተጣርቶ፣ በአብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የእኛ ብክለት የሚመጣው በጠብታ ነው። ከማደያው ቱቦ ጫፍ፣ ከጋራዡ ጉድጓድ፣ ከወንዝ ዳር ከተተከለች የውሃ ሞተር ሥር ጠብ ይላል። ጋዜጠኛ አይጠራም፣ ፎቶ አያስነሳም። አንድ ጋራዥ ግን በአንድ ቦታ ሃያ ዓመት ጠብ ካደረገ፣ መሬቱ ያጠራቀመው ከአንድ የተገለበጠ ቦቴ ላያንስ ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከአውራ ጎዳናው ጀርባ ወዳለ አንድ ጋራዥ ገባሁ። በሩ ላይ ያለው ወጣት መካኒክ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ጫማዬ ነው፤ «ጋሼ፣ ያዳልጣል፤ በዚህ በኩል ይሂዱ።» አንድ አይሱዙ ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከሥሩ የተቆረጠ ጀሪካን ተደቅኖ ጥቁር ዘይት ይቀበላል። ጀሪካኑ ሲሞላ ወደ በርሜል ይገለበጣል። ከበርሜሉም ለአጥር እንጨት ቀቢዎች ይሸጣል፤ ምስጥ የተቃጠለ ዘይት የነካውን ግንድ አይደፍርም ይባላል። ሲገለበጥ የሚፈሰውና ጀሪካኑ ያመለጠው ግን የመሬቱ ድርሻ ነው።

መሬቱን በካቻቢቴ ጫር ጫር ላደርገው ፈለግሁ፤ ካቻቢቴው አልገባ አለ። ከላይ ያለው ቅርፊት አስፋልት ሆኗል። ልጁ ዲጅኖ አምጥቶ አንድ ጊዜ ሲመታው፣ ከቅርፊቱ ሥር ጭቃ ቡና የመሰለ፣ ቅባት ያዘለ አፈር ወጣ፤ አንድ ስንዝር ዝቅ ሲል እየገረጣ ይሄዳል። ሽታውም ይለያያል። ላይኛው የሞተር ዘይት ይሸታል፤ የታችኛው የቆየ ቅቤን የሚያስታውስ፣ ጎምዘዝ ያለ ነገር አለው። «እዚህ ጥግ የምናፈሰው ቶሎ ይጠፋል» አለኝ መካኒኩ። «አዲስ ቦታ ላይ የፈሰሰው ግን ዓመትም አይነቃነቅ።» ወደ ታች ሰምጦም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳልጠረጥር አልቀረሁም። ግን ልጁ የተናገረው ነገር በቤተ ሙከራ የታወቀ ነው፤ ለረዥም ጊዜ ዘይት የቀመሰ አፈር ውስጥ ዘይት የሚበሉት ባክቴሪያዎች በቁጥር ይበዛሉ፣ አዲስ የመጣውንም ካልለመደው አፈር ፈጥነው ይጀምሩታል።

ነገሩ የሚመስለውን ያህል ተአምር የለበትም። ነዳጅ ራሱ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሞቱ ሕያዋን የመጣ ነው፤ ከባሕር ወለልና ከዐለት ስንጥቅ ሲንጠባጠብም ኖሯል። ባክቴሪያዎች እንግዲህ ይህን ምግብ የለመዱት መኪና ከመሠራቱ በጣም ቀደም ብለው ነው። አሜሪካዊው ክሎድ ዞቤል እ.ኤ.አ. በ1946 በጻፈው ጥናት ሃይድሮካርቦን የሚያፈርሱ 100 የሚጠጉ ዝርያዎችን ቆጥሯል፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ እየረዘመ ሄዷል። አሠራራቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ባክቴሪያው በዘይቱና በውሃው ድንበር ላይ ይቀመጣል፤ በኢንዛይሙ ኦክስጅን ወስዶ በሃይድሮካርቦኑ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ይሰካል፤ ሰንሰለቱ ወደ አልኮል፣ ቀጥሎ ወደ ፋቲ አሲድ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው እኛ የበላነውን ቅባት የምንፈጭበት መንገድ ነው፤ መጨረሻው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አንዳንዶቹ እንደ ሳሙና ያለ ነገር አመንጭተው ዘይቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትኑታል።

ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ወዲያው በቤተ ሙከራ ስለተሠራ ልዩ ባክቴሪያ ይጠይቃሉ። ለዚህ ወሬ ምንጩ ተመራማሪው አናንዳ ቻክራባርቲ ነው። የእሱ ፕሲዶሞናስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ ሕያው ነገርም ፓተንት ይሰጠዋል ብሎ የፈረደበት ዝነኛ ተህዋስ ነበር። ዝነኛ ሆነ እንጂ ወጥቶ ዘይት አላጸዳም። በአላስካ የኤክሰን ቫልዲዝ መርከብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1989 ዐለት ገጭታ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ስታፈስ፣ ባሕር ዳርቻው ላይ የተረጨው ባክቴሪያ አልነበረም። ማዳበሪያ ነበር። ባክቴሪያው ቀድሞ እዚያው ነበረ፤ ምግቡ አልተሟላለትም እንጂ። ዘይት ማለት ለባክቴሪያ ደረቅ እንጀራ ነው፤ ወጡ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው።

ልኩም ይታወቃል፤ በዘርፉ በተለምዶ የሚጠቀሰው ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅንና 1 ፎስፎረስ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ወደ 15 ኪሎ ካርቦን ይይዛል። ለዚህ 1.5 ኪሎ ናይትሮጅን ሲያስፈልግ፣ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ከ3 ኪሎ በላይ ዩሪያ ማለት ነው። በተግባር ከዚህ ባነሰ መጠን፣ ከፋፍሎ ይሰጣል፤ አንዴ ከበዛ ጨውነቱ ባክቴሪያውንም ይገድላል። ቢሆንም ሒሳቡን ለመካኒኩ ስነግረው ቅንድቡን ሰቀለ። አባቱ ገበሬ ናቸው። ለማሳ ዩሪያ ጠፍቶ ሰው በሚሰለፍበት አገር ጋራዥ ውስጥ ዩሪያ ልንበትን ነው? እውነቱን ነው። በሮቢት ዙሪያ ላለው ለቀወት ወረዳ የሚሆነው መፍትሔ ከከረጢት የሚወጣ አይመስለኝም፤ ከበረት ነው መምጣት ያለበት።

ፀሐዩ ሲበረታ ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለ ዳስ ሥር ቡና ጠጣሁ። ቡና የምታፈላዋ ሴት ከኩዌት የተመለሰች ናት። እኔም ኩዌት የሚለውን ስሰማ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ ስለ ነዳጅ ሐይቆቹ ጠየቅኋት። «ወንድሜ» አለች እየሳቀች፣ «እኔ ኩዌት ያየሁት ዘይት የማድ ቤቱን ነው። እሱን ግን ለዓመታት አይቼዋለሁ።» ሰባራ ሳንቲም የማያወጣ ጥያቄዬን ይዤ ዝም አልኩ። እሷ ልጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የኢራቅ ጦር ሲወጣ ከ600 በላይ የኩዌት ጉድጓዶችን አቃጥሎ ነበር። እሳቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋው በኅዳር ነው። ሳይቃጠል የፈሰሰው ድፍድፍ በበረሃው ላይ ሐይቅ ሠርቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ወደ ሮቢት ያመጣኝ ማለት እችላለሁ። የኩዌት ዩኒቨርሲቲው ሳሚር ራድዋንና ባልደረቦቹ ዘይት በጠጣው አሸዋ ላይ የበረሃ አበባ በቅሎ አገኙ። ነቅለው ሲያዩት አሸዋው ጥቁር፣ ሥሩ ግን ንጹሕ ነበር። ሥሩን ከበው ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ሠፍረዋል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙት። ምክንያቱ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ሥር አየር ያስገባል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ለተህዋስያን ጣፋጭ ነገር ያመነጫል።

ቡናዬን ጨርሼ ወደ ጋራዡ አጥር ተመለስኩ። የመኪና ማጠቢያው ውሃ በሚፈስበት በኩል፣ ዘይቱ ከሚያልቅበት ጠርዝ፣ ሰርዶ በቅሏል። አንዱን ጉንጉን ይዤ ስስበው እንደ ሰርዶ ልማድ እምቢ አለ፤ በዲጅኖ ነቀልኩት። አፈሩ ቅባት ነው፤ ሥሩን በጣቴ ስጠርገው ነጭ ሆኖ ወጣ። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ለማስረጃ ናሙናውን መውሰድ፣ መለካት፣ ካልበቀለበት አፈር ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። ግን ከጋራዡ ሁሉ ሰርዶ የበቀለው ውሃ በደረሰበት ቦታ ብቻ መሆኑ ልብ ይባል። ሌላው ጥግ ላይ ዘይቱም አፈሩም ያው ነው፤ የጎደለው ውሃ ነው።

የቆላው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ራሱ ጠላት አይደለም። አብዛኞቹ የአፈር ባክቴሪያዎች ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ዘይትን ከደጋው ይልቅ ፈጥነው ይበላሉ፤ ዘይቱም ስለሚቀጥን ይቀልላቸዋል፣ ቀላል ቀላሉ ደግሞ ይተንናል። ከዚያ በላይ የሚወዱም አሉ፤ ከቻይና የነዳጅ ጉድጓድ የተገኘው ጂኦባሲለስ 60 ዲግሪ አልፎም ከባዱን የሰም ዓይነት ሰንሰለት ሲቆርጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመዝግቧል። ገዳዩ ድርቀቱ ነው። በግንቦት ፀሐይ የጋራዡ ቅርፊት እጅ አያስነካም፤ እዚያ ላይ ያለ ባክቴሪያ ካልሞተ ተኝቷል። ስለዚህ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላ ዘይት የጠጣ አፈር ማጽዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዳስ ነው፤ ቀጥሎ ውሃ።

ስለ አስቸጋሪ ቦታ ከተነሳ፣ አገራችን ለዚህ ጥናት የታደለች ናት። የስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆቻችን ውሃ እንደ ሳሙና እጅ ያሙለጨልጫል፤ በዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማረ ገሠሠ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ካሳተሟቸው ጽሑፎች በአንዱ፣ እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ በኑግ ፋጉሎ አሳድገው ኢንዛይም ማምረት እንደሚቻል አሳይተዋል። ያ ሥራ ስለ ነዳጅ አልነበረም፤ እኔን የማረከኝ ፋጉሎው ነው። ከውጭ በዶላር የሚገዛ የባክቴሪያ ቀለብ ሳይሆን ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፍ ነገር። ባክቴሪያዎች ሁሉን ቻይ ናቸው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዳሎል ላይ ሁለት ቡድኖች ተከራክረዋል፤ አንዱ ረቂቅ ሕይወት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው በአሲድና በጨው በተሞሉት ኩሬዎች ምንም ሕይወት የለም ብሏል። ሸዋ ሮቢት ከዳሎል ጋር ስትተያይ ገነት ናት።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድኩ። ውሃው በዚህ ወራት ከድንጋዩ ያንሳል፤ ያለው ሁሉ በሞተር እየተሳበ ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል። የውሃ ሞተሮቹ ወንዙ ዳር ተደርድረዋል። አንዷ ከአጠገቧ የናፍጣ ጀሪካን አስቀምጣ ትንጫጫለች፤ ከመጋጠሚያዋ ጠብታ ይወርዳል፣ አሸዋው ላይ የሰሃን ስፋት ያለው ጥቁር ክብ ሠርቷል። ክቡ ከወንዙ አንድ እርምጃ አይርቅም። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ «አባባ፣ ይሄ ነገር ማሳ ውስጥ ሲገባ አይጎዳም?» አልኳቸው።

«አይጎዳም? ሞተሩ የከረመበት ቦታ አረም እንኳ አያበቅልም እኮ ልጄ።»

«ምን ታደርጉታላችሁ ታዲያ?»

«እበት እንጥልበታለን፤ እንቆፍረዋለን፤ ውሃ ሲለቀቅ ይደርሰዋል። በሁለተኛው ክረምት አረም ያበቅላል። አረም ያበቀለ ሽንኩርትም ያበቅላል።»

ባለሙያዎች በወፍራም መጽሐፍ የሚጽፉት ይህንኑ ነው። እበቱ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከነአዲስ ተህዋስያኑ ያመጣል፤ መቆፈሩ ኦክስጅን ያስገባል፤ ውሃው ይታወቃል። አረሙንም እንደ መለኪያ መውሰዳቸው ቀላል አይደለም፤ በቤተ ሙከራም የተበከለ አፈር መዳኑን ለማወቅ ዘር ዘርቶ መብቀሉን ማየት የተለመደ ዘዴ ነው። ሰውየው ይህንን የጀመሩት ከማንም ተምረው አይደለም። ማሳቸው ስለሆነ ነው። ጋራዡ ግን የማንም ማሳ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አላልኳቸውም፤ ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት አንድ አይደሉም። ናፍጣ ለባክቴሪያ የሚመች ምግብ ነው። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረት፣ ዚንክ፣ እርሳስም አለ፤ ባክቴሪያ ካርቦኑን ይበላል እንጂ ብረትን አፍርሶ አያጠፋም። ቀለበት የሠሩት ከባዶቹ ሃይድሮካርቦኖችም ዓመታት ይወስዳሉ። እናም የጋራዥ አፈር ጥቁረቱ ቢጠፋም እንኳ ሽንኩርት ይዘራበት ብዬ አልመክርም።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድም ማሰብ ያስፈልጋል። ከይፋት ገደል የሚወርዱት ወንዞች ሁሉ አዋሽን ይፈልጋሉ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሌላ አገር ወንዝ ቆሻሻውን ለውቅያኖስ ያስረክባል፤ የእኛ ተሸክሞት እዚሁ ይቀመጣል። ይፋት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የመተላለፊያ አገር ነች። የዘይላ ሲራራ ነጋዴዎች በዚህ ሲያልፉ፣ የይፋት ሱልጣኖች ከዚህ ብዙ በማይርቁት ኮረብታዎች ላይ ከተማ ሠርተው ነበር፤ የኖራና የአስበሪ መስጊዶች ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ግመል ጥሎት የሚያልፈው ነገር ለመሬቱ ቀለብ ነበር።

አፈሩን ቆፍሮ ለባክቴሪያ የመተው ዘዴ ቀላል ነው ሲባል የሚመጣው አደጋ ከናይጄሪያ ሊታይ ይችላል። በኦጎኒ ምድር ኩባንያዎች የፈሰሰውን ድፍድፍ አፈሩን እያገላበጡ በተህዋስያን አጽድተናል ሲሉ ቆይተው፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ዘይቱ በብዙ ቦታ 5 ሜትር ድረስ ዘልቆ ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተገኘ። ያረሱት ላይኛውን ብቻ ነበር። በአላስካም ከድንጋይ ሥር የተቀበረው፣ አየር ያልደረሰው ዘይት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሳይነካ ተገኝቷል። የይፋት መረሬ መሬት ደግሞ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ የፈሰሰው ዘይት በስንጥቁ ወርዶ፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ይዘጋበታል። አየር የለም፤ ባክቴሪያውም ሥራ ይፈታል።

በመጨረሻው ቀን ለመሰናበት ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። መካኒኩ ዜና ነበረው። ቦታው ለሕንፃ ተፈልጓል፤ ጋራዡ ከከተማው ዳር ወዳለ ቦታ ይዛወራል። «አፈሩስ?» አልኩት። «ሲኖትራክ ይጭነዋል» አለና በአገጩ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አሳየኝ፤ እዚያ የሚደለደል ጉድባ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻም በ2010 ሌላ አዋጅ ወጥቷል። ልጁ ስለ ሁለቱም አልሰማም፤ የነገረውም የለም።

የማውቀውን ነገርኩት። አፈሩ ተቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ላይ ይከመራል፤ ቁመቱ ከጉልበት አይብለጥ። አንድ አካፋ እበት ለአራት አካፋ አፈር፣ ከዚያም አየር እንዲያስገባ የተከተፈ የማሽላ አገዳ ይቀላቀላል። ከላይ ዳስ፣ ዙሪያውን ቦይ፣ ዝናብ እንዳያጥበው። በእጅ ሲጨበጥ የሚጣበቅ፣ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ እስኪሆን ይርጠብ። በየሁለት ሳምንቱ ይገልበጥ።

በጥሞና ሰማኝ። እበቱ አይቸግርም አለ፤ አገዳም ሞልቷል። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ናፍጣው ወራት። የሞተር ዘይቱ ዓመትም ሁለት ዓመትም።»

«ጋሼ፣ ቦታውን የምናስረክበው ሰኔ 30 ነው።»

ወደ አዲሱ ቦታ ዞረን አወራን። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ ያሉት አይሱዙና ሲኖትራኮች ገና ብዙ ዓመት ዘይት እንደሚቀይሩ እሱም እኔም አልተጠራጠርንም። አለቃው ለአዲሱ ጋራዥ የሲሚንቶ ወለል ሊያስደርግ አስቧል፤ ዘይት መቀየሪያው አካባቢ ብቻ፣ ለሁሉም ሲሚንቶ አይበቃም። ወለሉን ወደ አንድ ጥግ ዘንበል አድርገው ከጥጉ በርሜል እንዲቀብሩ ነገርኩት። በጣቱ ዘይት ካርቶን ላይ ሥዕሉን ሠርቶ ኪሱ ከተተው።